የታዴዮ ሦስት ጓዳዎች

መስከረም 9

ጭጋግ። ዛሬም ጭጋግ። ፓዱዋ ጠፍታለች፤ ከመስኮቴ የቅዱስ አንቶኒዮ ጉልላት እንኳ አይታይም። ያጠብኩት አንሶላ አልደረቀም፤ ይሸት ጀምሯል።

ታዴዮ ቁርሱን እየበላ አፉ አላረፈም። ስለ አዲሱ ደወል፣ ስለ ወንድሙ ስለ ባስቲያን ስንፍና፣ ስለ ጎረቤታችን አሳማ... ዕድሜውን ሙሉ ደወል ሲያቀልጥና ሲደበድብ ኖሮ ጆሮው ስለደነዘዘ ነው መሰል፣ ሲያወራ ይጮኻል። "እስቲ ትንሽ እረፍ፣ ጆሮዬ አለቀ" ስለው፣ "ዝምታ ካማረሽ መነኩሲት ሆነሽ መቅረት ነበረብሽ!" ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። ከደረጃው ሥር ሆኖም ያወራል። ለማን? እንጃለት።

መስከረም 14

እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም።

ታዴዮ እቶኑ አጠገብ ወደቀ። ሠራተኞቹ በሳንቃ ተሸክመው አመጡት። ቀኝ እጁ የሞተ፣ ቀኝ እግሩ የሞተ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ። ዐይኑ ግን ይከተለኛል። "ታዴዮ፣ እኔ ነኝ፣ ሜኔጋ ነኝ" ስለው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ... ምንም። ድምፅ የለም።

ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ? አምላኬ ሆይ፣ አትውሰድብኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

መስከረም 17

ሐኪም ኤርኮሌ መጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ካባቸው ላይ ግን ሁልጊዜ የትናንት ሾርባ አይጠፋም። ለበሽታው ረጅም ስም ነገሩኝ። ስሙን ምን ላድርገው?

"ስሚኝ ሜኔጋ" አሉኝ። "የሰው አንጎል እንደዚህ ቤትሽ ነው፤ ሦስት ጓዳ አለው። በፊተኛው ጓዳ የሚታየውና የሚሰማው ሁሉ ይሰበሰባል። መካከለኛው ላይ ፍርድ ተቀምጣለች። ኋለኛው የትዝታ ግምጃ ቤት ነው። ባልሽ ቀዝቃዛ አክታ ወደ ጓዳዎቹ ወርዶበታል። እርጥብ ነው። መድረቅ አለበት።"

"ይድናል?"

"ከደረቀ።"

ስለዚህ ራሱን ላጭተን ሰናፍጭ ለጠፍንበት። ዓሣ ክልክል፣ ሰላጣ ክልክል፣ የቀን እንቅልፍ ክልክል፤ ሁሉም ቀዝቃዛና እርጥብ ናቸውና። ትራሱ ውስጥ ሮዝሜሪ። በየቀኑ ዋልነት ይብላ ተብሏል፤ ፍሬው ሲሰበር ቁርጥ አንጎል ስለሚመስል ለአንጎል ይበጃል። እኔም ዋልነቱን አገላብጬ አየሁት። እውነትም ይመስላል! ፈጣሪ ያለ ምክንያት እንዲህ አይሠራውም።

መስከረም 23

ዛሬ ባሌን ልገድለው ነበር።

ይድረቅ ከተባለ ይድረቅ ብዬ፣ ምድጃውን አንድጄ፣ በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አጠገቡ አስቀመጥኩት። መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩ። የሚጠጣ ውኃም ቀነስኩበት፤ እርጥበት አይደል? ከሰዓት በኋላ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆነ፤ ከዚያ ራሱን ሳተ። ጩኸቴን ሰምተው ሠራተኞቹ ሮጠው መጡ፤ አንዱ ሐኪሙን ጠራ።

ሐኪም ኤርኮሌ መስኮቱን በቡጢ ከፈቱት። "ማድረቅ አልኩ እንጂ መጥበስ አልኩሽ እንዴ?!" ብለው ጮኹብኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አላውቅም። ውኃ ሲያጠጡት ነቃ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ ታዴዮ። ከፍቅር ነው፣ ግን ከጅልነትም ነው።

መስከረም 28

ተናገረ! ተናገረ!

ሾርባ አምጥቼለት ሙቅ ነበርና ከንፈሩን አቃጠለው። "የአህያ ልጅ!" አለ። ጥርት አድርጎ። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። "እስቲ ድገመው" አልኩት። "የአህያ ልጅ።" አቀፍኩት። እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር።

መስከረም 30

ሌላ ቃል የለም። ዳቦ ሲፈልግ፣ የአህያ ልጅ። መስኮት ይከፈት፣ የአህያ ልጅ። ዛሬ ደግሞ ጉንጬን በደህናው እጁ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ዐይኑ እንባ አዝሎ... የአህያ ልጅ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ ገብቶኛል። እሱም እንደገባኝ ያውቃል፣ መሰለኝ።

ጥቅምት 4

አባ ቪዳሌ ሊጠይቁት መጡ። ታዴዮ ደስ ብሎት እጃቸውን ስሞ ሲያበቃ ምን አለ? መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አባ ሦስት ጊዜ አማተቡ። "ጸሎት አልወጣው ብሎ ስድብ ብቻ ከወጣው፣ እንግዲህ ይህን ምላስ ማን እንደያዘው ግልጽ ነው" አሉ። ጠበል ይረጭበት፣ ሰይጣን ይውጣለት አሉ። ሐኪም ኤርኮሌ ከጥግ ሆነው ዋልነት እየሰበሩ ነበር።

"አባ" አሉ፤ "ሰይጣን ስንት ሺህ ዓመት የኖረ ነው። ሲሳደብ በላቲን ይሳደብ ነበር።"

አባ ተቆጥተው ሄዱ። ጠበሉን ግን ትተውልኝ ሄደዋል። ረጨሁት። ምን ይጎዳል?

ጥቅምት 11

ባስቲያን መጣ። ቆቡን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ ያኔውኑ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"እትዬ ሜኔጋ፣ የቅዱስ ኤሊጊዮ በዓል እየደረሰ ነው። የአንጥረኞች ማኅበር ሕግ ታውቂዋለሽ።"

መቼም አውቀዋለሁ። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን እያንዳንዱ የእቶን ጌታ እጁን መዶሻው ላይ አድርጎ በገዛ አንደበቱ ይምላል። ያልማለ ምልክቱን ደወል ላይ አይቀርጽም፤ እቶኑ ለቅርብ ዘመዱ ይሰጣል። ለቅርብ ዘመዱ ማለት ለባስቲያን።

"ወንድምህ አልሞተም" አልኩት።

"የለም እትዬ። ገላው ነው ያለው። እሱ እኮ ሄዷል። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አምነሽ መቀበል ነው ያቃተሽ።"

ወንድሙን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰውን ጠልቶ ማረፍ ይቻላል። ታዴዮ ደግሞ ከዚያው አልጋው ላይ ሁሉንም ይሰማል። እንባው በጎኑ ወደ ጆሮው ሲወርድ አየሁት። የሄደ ሰው እንዲህ ያለቅሳል? በሕይወት ሳለህ ስምህን ሲሰርዙት አጠገባቸው ተኝቶ መስማት... አቤት!

ጥቅምት 19

ሐኪም ኤርኮሌ ብረቱን አመጡ። ጫፉ የወይራ ፍሬ የሚያክል። ቀልቶ ማጅራቱ ላይ ሲተከል ኋለኛው ጓዳ ላይ ያለው እርጥበት በቁስሉ ይወጣል አሉ። መጻሕፍቱ ሁሉ ይህን ያዛሉ አሉ።

"ይህ ሲደረግለት ያዩት ሰው ዳነ?" አልኳቸው።

 ካባቸው ላይ ያለውን የሾርባ እድፍ በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር።

ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ይሁን ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉ። ብረቱን ግን መደርደሪያው ላይ ትተውት ሄዱ። ምግብ በሠራሁ ቁጥር አየዋለሁ። ታዴዮም ያየዋል።

ኅዳር 1

ሥራዬን ሁሉ ጥዬ ነው የምጽፈው።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሰልፍ በደጃችን አለፈ። ቄሱ የቅዱሳኑን ስም እየጠሩ፣ ሕዝቡ "ለምኑልን" እያለ እየተቀበለ። ቀይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ከኋላዬ "ለ-ም-ኑ-ልን" የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ታዴዮ! አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ ጉልበቱን እየመታ፣ ከሕዝቡ ጋር ያዜማል። ሙሉውን። ሳይሰናከል። የቅዱሳኑን ስም ሳይቀር።

ሰልፉ አልፎ ሲሄድ "እስቲ ለምኑልን በል" አልኩት። ከንፈሩ ታገለ፣ ታገለ... "የአህያ ልጅ።" በንዴት ትራሱን ወረወረው። እኔ ዜማውን ጀመርኩለት። ወዲያው ተቀበለኝ!

ኅዳር 3

ሐኪም ኤርኮሌ ሰሙት። ካባቸውን አውልቀው እንደ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጡ። "እንደገና" እያሉ። "እንደገና!"

ከዚያ ጓዳዎቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። ዐይኑን ሸፍነው ደወሎች መቱለት፤ የትኛው እንደተመታ ሁሉንም በጣቱ አሳየ። ከመካከላቸው አንዱን ስንጥቅ ደወል አቀረቡለት፤ ገና አንዴ እንደተመታ ፊቱን አጨማዶ ወደ ጎን ገፋው። ከሠራተኞቹ ማን ወንድሙ፣ ማን አዲስ ገቢ እንደሆነ ጠየቁት፤ ሁሉንም ለየ።

"ፊተኛው ደህና። መካከለኛው ደህና። ኋለኛው ደህና" አሉ ራሳቸውን እያከኩ። "ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?"

"እርስዎ ነዎት ሐኪሙ" አልኳቸው።

ሳቁ። ቀጥለው ያሉትን ሳልረሳው ልጻፈው። "ሜኔጋ፣ የሙት ራስ ስንት ጊዜ ከፍቻለሁ። ጓዳዎቹ አሉ። ግን ውኃ እንጂ ፍርድም ትዝታም ተቀምጠው አላገኘሁም። ለተማሪዎቼ ግን መጽሐፉን ነው የማነብላቸው። ምናልባት ንግግር በአንድ በር፣ ዜማ በሌላ በር ይወጣ ይሆናል። ይህን የጻፈ ሰው አላውቅም።" ዐይናቸው ያበራ ነበር። አላውቅም ሲሉ እንዲህ ደስ የሚላቸው ሰው አይቼ አላውቅም።

ሲወጡ ብረቱን ከመደርደሪያው አንሥተው ካባቸው ውስጥ ከተቱት።

ኅዳር 12

የማኅበሩን መሐላ በሰልፉ ዜማ እያስተማርኩት ነው። "በነሐስ... አላጭበረብርም..." በግራ እጁ ይመታል፣ እኔ እጀምራለሁ፣ እሱ ይቀበላል። ለመማር እንዲህ የቸኮለ ሰው! ግማሽ ቀን ሠርተን ላብ በላብ ሆነን እንወድቃለን። ዜማው ከተሰበረ ግን ያው የአህያ ልጅ ይመለሳል።

ኅዳር 21

ብቻውን ጀምሮ ብቻውን ጨረሰው። ሳላግዘው! ዛሬ ዓሣ ጠበስኩለት። እርጥበት ቢሆን ይሁን።

ታኅሣሥ 1

የቅዱስ ኤሊጊዮ በዓል። ሴት ወደ ማኅበሩ አዳራሽ አትገባም፤ ደጁ ላይ ቆምኩ። በሩን ሐኪም ኤርኮሌ በእግራቸው ገርበብ አድርገው ያዙልኝ።

የማኅበሩ አለቃ ማርኪዮሮ ስሙን ጠሩ። ታዴዮ በከዘራ ሄዶ ግራ እጁን መዶሻው ላይ አደረገ። ከንፈሩ ታገለ። ከዚያ ጣቱ መዶሻውን መምታት ጀመረ፤ አዜመ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። 

"ሕጉ በገዛ አንደበቱ ይላል" አሉ አለቃው። "አይዜም አይልም።"

ባስቲያን ተነሣ። "ጌታዬ፣ ወንድሜን እወዳለሁ። ግን በቀቀንም ያስተማሩትን ይላል። ያስተማረችው እትዬ ሜኔጋ ናት። የማለውን ያውቀዋል ወይ?"

ልገባና ልቦጭቀው ነበር። ሐኪሙ ክርኔን ያዙ።

አለቃው አሰቡ። "ታዴዮ፣ አንድ ልጠይቅህ። ቀኝ እጅህ አይሠራም። እቶኑን ብንተውልህ ማን ይሠራዋል?"

ይህን አላስተማርኩትም! ይህን ማን አሰበው? ታዴዮ ዐይኑን ጨፈነ። ፊቱ ቀላ። አሁን ይሳደባል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። መዶሻው ግን እንደገና ተመታ። ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል፣ እየፈለገ፣ በዚያው ዜማ...

"ባስ-ቲ-ያን... ወን-ድሜ... እ-ጄ... ይ-ሁን።"

እኔ ብጠየቅ ባስቲያንን በዚያ እቶን ዙሪያ አላስደርሰውም ነበር። አንድ ወር ሙሉ ያሰለጠንኩት እኮ ባስቲያን እንዳይወስደው ነው! እሱ ግን አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ቃል አጥቶ፣ ይህን ሲያስብ ከርሟል። ከእኔ ሐሳብ ተቃራኒ የሆነ የራሱ ሐሳብ። ፍርድ ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ባስቲያን ቆቡን አወለቀ። ሄዶ የወንድሙን የሞተ እጅ አንሥቶ ግንባሩ ላይ አስቀመጠው። ተንሰቀሰቀ። ምልክቱ ለታዴዮ ጸና። ሐኪም ኤርኮሌ በካባቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ያ ካባ ይህ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ ተጣላን። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ጠባችን!

ታዴዮ፣ ባስቲያን ከነሚስቱ ከነልጆቹ ፎቅ ላይ ይግባ ይላል። ለሥራው እንዲቀርቡ። እኔ የባስቲያንን ሚስት ምጣዴ ላይ አላስነካም አልኩ። "ቤ-ቱ... የ-ኔም... ነው!" አለ እያዜመ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። "የ-ኔም... ነው!" ብዬ በዚያው ዜማ መለስኩለት፤ ሳላስበው ነው። እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እኔም ከፍ አደረግኩ። በመስኮት ብቅ ስል ሁለት አሮጊቶች ከደጃችን ቆመው ያማትባሉ። ጸሎት መስሏቸው! "እግዚአብሔር ይባርካችሁ" አሉኝ።

ታዴዮ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ።

በመጨረሻ ያሸነፈው እሱ ነው፤ እሑድ ይገባሉ። ነገ ግን እንደገና እጣላዋለሁ።