የፈረሰው የዓሣና የድንች ቂጣ

ለውድ እህቴ፣

ትናንት ከቀትር በኋላ የዓሣና የድንች ቂጣችን መጥበሻ ላይ እንዳለ በድንገት ተበታትኖ ሕይወቱ ማለፉን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ነፍስ ይማር ያለ ጎረቤት አልተገኘም፤ ጭሱን አይቶ መስኮቱን የዘጋ ግን ሞልቷል።

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ጫማውን በር ላይ መከመሩን ተወ? እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው። "ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ ወይ?" ላልሽው፣ የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ በዓመት ዕረፍትሽ ረጋ ብለሽ ትመጫለሽ።

ወደ አደጋው ልመለስ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ ከምግብ ጋር ተኳርፏል። ሾርባ ሳቀርብለት "ጎበዝ፣ ውኃ ማሞቅ ቻልክ" ይለኛል። ገንፎ ሳመጣ "በዚህስ ግድግዳውን ለስንበት" ብሎ ይገፋዋል። ሐኪሙ ደግሞ ካልበላ መድኃኒቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም ብሎኛል። ምን ልሥራልህ እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ "የእናትህን የዓሣ ቂጣ" አለኝ። ስንት ጊዜ ቆይቶ የምግብ ስም ከአፉ ሲወጣ ስሰማ፣ ገበያ የሄድኩት ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ተጫምቼ ነው።

ዓሣውን ቀቀልኩ፣ ድንቹን ፈቀፈቅኩ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ጨምሬ የጋለ ዘይት ውስጥ ጣልኩት። ውጤቱን ከላይ ገልጫለሁ። አባዬ ከመኝታ ቤት ሆኖ "አንተ፣ ድንቹን ጨምቀኸዋል?" ሲል ተጣራ። የምን መጭመቅ አልኩት። "ዘይቱ እየጮኸ እኮ ነው! ውኃ ነው እንዴ የምትጠብሰው?"

ዕድሜ ልኩን ኩሽና እግሩን አስገብቶ የማያውቅ ሰው! ለካ የስፌት መኪናው ከኩሽናው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለኖረ፣ እማዬን በጆሮው ሲማራት ኖሯል።

ደግፌ አመጣሁት። እህቴ፣ ባዶ ኮት የደገፍኩ መሰለኝ። ከጨርቅ ሳጥኑ የገበር ቁራጭ አስወጣኝና በዚህ ጭመቅ አለኝ፤ እማዬም የምትወስደው ከዚያው ነበር። "ሳታስፈቅድ" ብሎ ፈገግ አለ። የተጨመቀውን ውኃ ልደፋ ስል "ቆይ፣ አንተ ጅል!" ብሎ ጮኸ። ውኃው ሲረጋ ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል፤ ቂጣውን የሚያያይዘው እሱ ነው። ማንኪያዋ የሳህኑን ሥር ሲፍቅ ሁልጊዜ ይሰማው ነበር።

እሾኹን ለእኔ ተው አለ። ምንጣፍ ውስጥ የገባ መርፌ ሳያይ በዳበሳ የሚያገኝ ሰው አይደል? ዓሣውን በጣቶቹ እያሻሸ ብዙ ቆየና "ንጹሕ ነው፣ ውሰድ" ብሎ ኮራ። በጣቶቹ መካከል ያለፈውን እሾኽ ጀርባዬን ሰጥቼው ለቀምኩ። ብዙ ነበር።

ሁለተኛው ዙር አልፈረሰም። አባዬ ሳህኑን ተቀብሎ አሸተተውና "እሷ ናት" አለ። ከዚያም ሁለት በላ።

አሁን አጠገቤ ተቀምጦ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ እንዳነብለት እያደረገኝ ነው። "እንደ መሥሪያ ቤትህ ማስታወቂያ አታድርገው" ይለኛል። "መብላቴን ጻፍላት። ልጅቷን ከሥራዋ እንዳታፈናቅላት።" ይኸው እንደታዘዝኩት ጽፌያለሁ።

ቤትሽ ሙቀት አይጣ፤ ክፉ አይንካሽ። እማዬንም ባለችበት ያሳርፍልን።

ታናሽ ወንድምሽ

እርማት፦ አባዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ስለወሰደው የሚከተለው ማስተካከያ ተደርጓል። ከላይ "ሁለት በላ" የተባለው፣ "አንዱን ቆርሶ አፉ ውስጥ ሲያንከባልል ቆየ፤ ያላየሁት ሲመስለውም ወደ መሐረቡ መለሰው" ተብሎ እንዲታረም። "በዓመት ዕረፍትሽ ረጋ ብለሽ" የሚለውም "ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ" ተብሎ ይነበብ።