ያልነካሁት ቀለም

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ፣ እንቅልፍም አለ። የአንቺን ጤና ግን ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም የምጠይቅሽ፤ የጻፍኩልሽም ለሱ ብዬ ነው። በስልክማ ገና «እንዴት ነሽ?» ስልሽ «እኔ ምን እሆናለሁ» ትይና ወሬውን ወደ ጎረቤት ትወስጂዋለሽ።

መጀመሪያ ግን የፊልሙን ልንገርሽ። ቅዳሜ ጎረቤቶችሽን ሰብስበሽ ሲኒማ ከመሄድሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። ያ ተዋናይዋ ቀርታብን፣ ለምኜሽ የቤት አከራይዋን ሆነሽ የሠራሽበት ኮሜዲ አሁን ኮሜዲ አይደለም። ለሙከራ ያሳየናቸው ሰዎች አንዴ እንኳ ፈገግ ሳይሉ ወጡ። ዳይሬክተሩ ሁለት ቀን አኩርፎ ከረመና «በቃ አስፈሪ ፊልም አድርጊልኝ» አለኝ። እንደገና መቅረጽ የለም፤ ያለው የተቀረጸውን በኮምፒውተር የማስተካክልበት የኔ ቀለም ብቻ ነው።

ለተከራይዋ ልጅ ብርጭቆ ውሃ ይዘሽ በሩን የምትከፍቺበት ቦታ ትዝ ይልሻል? ቤቱን ሞቅ ያደርገው የነበረውን ቢጫ ብርሃን አውጥቼ ሰማያዊ አደረግኩት። ኮሪደሩን አጨለምኩ፣ ግማሽ ፊትሽን ጥላ ውስጥ ከተትኩት። አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ ያው «ጠጪ ልጄ» ነው የምትይው። አዲስ ተመልካቾች ስናስቀምጥ አንዱ ወፍራም ሰውዬ ብድግ ብሎ «እንዳትጠጪ፣ ይቺ ሴትዮ የሆነ ነገር ጨምራበታለች» አላት፣ ልጅቷ የምትሰማው ይመስል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዝንብ እንኳ ገድለሽ የማታውቂውን ሴትዮ ነፍሰ ገዳይ አድርጌሻለሁና ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የኔ ሥራ የሚጀምረው ነጭ ነገር ከመፈለግ ነው። ፎጣም ይሁን ግድግዳ፣ ነጭ መሆኑን የማውቀውን ነገር በስክሪኑ ላይ ነጭ ካደረግኩት ሌላው ቀለም ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ያንን የበሩን ቦታ የቀረጽነው ሁለት ጊዜ ነው፤ በአምስት ሳምንት ልዩነት፣ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ መብራት። በመጀመሪያው ቀን ፎጣው ነጭ ሲሆን ዓይንሽም አብሮ ነጭ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ፎጣው ነጭ ሆነ፣ ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ የሸሚዝሽ ኮሌታም ነጭ ሆነ። ዓይንሽ ግን ቢጫነቱን አልለቅ ብሎ እምቢ አለኝ። ስክሪኔ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የጓደኛዬ ላይ ከፍቼ አየሁት፤ ያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩ።

ዳይሬክተሩ መጥቶ ሲያየው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ዓይኗን እንዲህ እንዲያስፈራ ያደረግሽው እንዴት ነው? እጅሽ ይባረክ» አለኝ። እማዬ፣ እኔ ዓይንሽን አልነካሁትም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ምግብ አላሰኝ እንዳለሽም፣ ቀሚስሽን ሁለት ጊዜ እንዳስጠበብሽም ቀድሜ ሰምቼ ነበር። «ዕድሜ ነው» ስትይኝ አምኜ ዝም ማለቴ አሁን ያንገበግበኛል። አብራሽ ያለችው እህቴ በየቀኑ ስለምታይሽ ለውጡ አይታያትም፤ አልፈርድባትም።

ከሐኪም ጋር ለረቡዕ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። እኔም ማክሰኞ እመጣለሁ። «ፊልሙ ይታይና ከዚያ» እንዳትይኝ፣ ፊልሙ የትም አይሸሽም። «ሰው ምን ይለኛል» ካልሽም «ሐኪም ቤት የምትሄደው ልጄ ናት» በያቸው፤ ውሸቱ በኔ ይሁን።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልኝ፣ ዕድሜሽን ለኛ ያርዝምልን። ማክሰኞ ስደርስ መብራት አታብሪ። መጋረጃውን ገልጠሽ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፤ በቀን ብርሃን ነው ላይሽ የምፈልገው።

የበኩር ልጅሽ