አባባ ያልመረቁኝ ሳምንት

ማክሰኞ

እግሬ አብጧል። ከጌታሁን ጋር የደሴውን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከላይ እስከ ታች በር ለበር ስናንኳኳ ዋልን። ጌታሁን የኮምቦልቻ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ለፓርቲያችን ሊቀሰቅስ ደሴ ድረስ የወጣ ሞኝ። እኔም ከፋብሪካ የዓመት ፈቃዴን ለዚሁ ወስጃለሁ። ሞኞቹ ሁለት ነን።

በሩን የዘጋብን ሰው የለም። ይከፍታሉ፣ በራሪ ወረቀቱን ይቀበላሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ ሐጃችሁን ያውጣላችሁ" ይላሉ። ጌታሁን ከነማተቡ ከእኔ ቀድሞ "አሚን!" ይላል። ከደጁ ፈቀቅ እንዳልን ደብተሩ ላይ የቤቱን ቁጥር ይጽፍና አጠገቡ "የኛ" ብሎ ይሞላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አርባ አንድ ቤት የኛ ሆነ። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ስንመለስ ረሕመትን አገኘናት። ጎረቤቴ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው፣ የገዢው ፓርቲ ቀስቃሽ ናት። ደብተሯን አሳየችን። እነዚያው ቤቶች! እሷንም ሁሉም መርቀዋታል። በሳቅ ወደቅን። ጌታሁን ብቻ አልሳቀም፤ እዚያው ቆሞ "የኛ" የሚለውን እየሰረዘ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ሲመርቀኝ የገዛ አባቴ አልመረቁኝም። ለፈተናም ሆነ ለሥራ ያለ አባባ ዱዓ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። የፓርቲውን ኮፍያ ካደረግሁ ወዲህ ግን ጧት ስወጣ እጃቸውን አያነሱልኝም። ደህና ዋይ ይላሉ፣ በቃ።

ረቡዕ

የመጨረሻው የቅስቀሳ ቀን። ከነገ ጀምሮ ዝም በሉ ይላል ሕጉ።

ኮምቦልቻ ወረድን። ሞንታርቦው ገና ከመጀመሩ ተበላሸ። ጌታሁን በባዶ ጉሮሮው ጮኸ፣ እኔም አገዝኩት፤ አሁን የሁለታችንም ድምፅ የለም። አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ውሃ ሰጠን። ማንን እንደሚመርጥ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ራት ላይ አላስችል አለኝ። "አባባ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው።

የጠቀለሉትን እንጀራ መልሰው "ሰዒድንም መርቄ ነው የላክሁት" አሉ።

ሰዒድ ታናሽ ወንድማቸው ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ በፖለቲካ ሰበብ አገር ጥሎ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ተቆጥተውኛል እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ አኮርፋለሁ። ለካ ፈርተው ነው።

ዓርብ

ጉድ ፈላ። በሚመጣው ሰኞ፣ በምርጫው ዕለት፣ የፓርቲው ወኪል ሆኜ የምታዘበው ኮምቦልቻ ነበር። የእኛ ሰፈር ጣቢያ ወኪል ታመመና ቦታው ለእኔ ተሰጠ። አባባ የሚመርጡበት ጣቢያ! ሰው ፊት አይተው እንዳላዩ ቢያልፉኝስ?

የሚያዙ፦ ባጅ፣ መታወቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ወፍራም ሹራብ።

የማይያዝ፦ ኮፍያው። ጣቢያ አካባቢ የፓርቲ ምልክት ክልክል ነው።

ጌታሁን ደውሎ "አብሽሪ" አለኝ። ድምፁ አሁንም አልተመለሰለትም።

እሁድ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከትናንት ጀምሮ በጭቃ ተለውሶ የነበረውን ጫማዬን ጠዋት ታጥቦ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እቤት ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። ስለ ጫማው አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። እወዳቸዋለሁ፣ ያናድዱኛልም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አባባ መስጊድ ነበሩ፤ ሳልመረቅ ሄድኩ።

ጣቢያው የትምህርት ቤት ክፍል ነው። ረሕመት የፓርቲዋ ወኪል ሆና አጠገቤ ተቀምጣለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን አባባ ከዘራቸውን ይዘው ተሰለፉ። ወኪል ከመራጭ ጋር አያወራም፤ መሬት መሬት አየሁ። ጣታቸውን ቀለም ተቀቡ፣ ወረቀታቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፣ እስከ በሩ ሄዱ።

ከበሩ ተመለሱ። ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ያ አላህ! ይችን ልጄን ከክፉ ጠብቃት። የወጣችበትን በሰላም አስጨርሳት። ወደ ቤቷ መልስልኝ።"

ሰልፉ በሙሉ "አሚን!" አለ።

የጣቢያው ኃላፊ ደንግጦ ተነሳ። "አባቴ፣ እዚህ ቅስቀሳ ክልክል ነው!"

"ልጄን ነው የመረቅሁ። ፓርቲዋን ወላሂ አላውቀውም።"

ኃላፊው ወደ ረሕመት ዞረ። "ቅሬታ ታስመዘግቢያለሽ?"

ረሕመት መዳፎቿ እንደተዘረጉ ነበሩ። "እኔም አሚን ብያለሁ እኮ" አለች።

"ላንችም ነው፣ ልጄ" አሏት አባባ።

ኃላፊው ራሱን እያከከ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ፦ "አንድ አዛውንት ዱዓ አድርገዋል። ቅሬታ የለም።" እኔና ረሕመት ፈረምን። እንባዬ ወረቀቱን ሊያበላሽብኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለምሳ ተራ በተራ ስንወጣ ነው። ቆጠራው ገና ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። አሁን ጌታሁን ከኮምቦልቻ ደውሎ ነበር።

"ስንት ቤት የኛ ነው?" አለኝ።

"አንድ" አልኩት። "የአባባ ቤት። ድምፁን ለማን እንደሰጠ ግን አላውቅም።"