ለኤጲስ ቆጶሳችን፣ ከሕፃናት ክፍል በምስጋና ከተሰናበተች እህት

በእሑድ ለተከበሩ ኤጲስ ቆጶሳችን፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ለተከበሩ የጥርስ ሐኪማችን፤

በቅድሚያ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለባለቤትዎ ትዕግሥት፣ ለአራቱ ልጆችዎ ደግሞ ጥቂት ድካም እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ማክሰኞ ጥርሴን፣ እሑድ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁበትን የሕፃናት ክፍሌን ወስደውልኛል፤ ለጥርሱ ማደንዘዣ ስለ ሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ደፋር ሆኜ አይደለም። ጸሐፊዎን ቀጠሮ ብጠይቀው፣ ከስብሰባው በኋላ ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያዘጋጅ ስብሰባ ስላለብዎ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታገሥ በትሕትና ነገረኝ። ሰሌዳው ግን ቀጠሮ አልጠየቀኝም።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ቤተ ክርስቲያናችንን እንደምወድ ይታወቅልኝ። ጎረቤቶቼ «ሞርሞኗ» ይሉኛል፤ የጥንት ሞርሞኖች ብዙ ሚስት ያገቡ ነበር ሲባል ሰምተው፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴን «ለመሆኑ ስንት ሚስት አለህ?» እያሉ ሲያደርቁት «አንዷንስ መቼ ቻልኳት!» ይላቸው ነበር። እሱ ያረፈ ጊዜ እህቶቻችን ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ተራ ገብተው ሾርባ አመጡልኝ። ሃያ አንዱም የካሮት ነበር፤ እያለቀስሁ ጠጣሁት፤ እስከ ዛሬም ካሮት ሳይ ሆዴ ይባባል። ደመወዝ የሚበላ ሰባኪ የሌለን መሆናችንንም እወዳለሁ፤ ዛሬ የሚሰብከን ሰው ነገ ቧንቧ ሲጠግን ስለምናየው ማንም ብዙ አይኮፈስብንም። እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጾመን የምንሰማው ምስክርነት። የፈለገ ሁሉ ተነሥቶ እንዲናገር መድረኩ ክፍት መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወንድማችን ባለፈው ጊዜ በባዶ ሆዳችን ሃያ ሁለት ደቂቃ ስለ መኪናው ሞተር ነገረን። ሞተሩ በጸሎት ተነሣ፤ እኛ ግን ከወንበራችን ለመነሣት አቅም አጣን።

ሁለተኛ፣ «አምስት ደቂቃ ያላችሁ ወንበር አጥፋችሁ ሂዱ» የሚለው ማስታወቂያ። አምስት ደቂቃ ያለን ሰዎች ሁልጊዜ እኔና ሁለት አሮጊቶች ብቻ የምንሆንበት ምክንያት ቢጠናልኝ። የመዝሙራችን ፍጥነት ጉዳይ ደግሞ፣ ስለ ደስታ የተጻፉት እንኳ በቀብር እርምጃ ስለሚዘመሩ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ዋናው። አገልጋይ ከሥራው ሲሰናበት አስቀድሞ ለብቻው እንደሚነገረው ሁላችንም እናውቃለን፤ እርስዎም ደንቡን አላፈረሱም። ማክሰኞ ዕለት አንድ መስታወት፣ አንድ የምራቅ መምጠጫና ሁለት ጣቶችዎን አፌ ውስጥ እንደያዙ «እህቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ትንሽ ማረፍ አይሻልዎትም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ መንጋጋዬ የተጨነቁልኝ መስሎኝ «እህ» አልሁ። ይህችን «እህ» በመዝገብ የሰፈረ ፈቃድ ማድረግዎን የተረዳሁት እሑድ ነው።

ያን ዕለት የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎንበስ ብዬ የትንሿን ልጅዎን የጫማ ክር እያሰርሁ ነበር። ከመድረኩ «ላገለገለችው እህት ምስጋና የምትሰጡ እጃችሁን አንሡ» ሲባል፣ እንደ ልማዴ ቀድሜ አነሣሁ። ማን ትሆን ይህች ምስኪን ብዬ ቀና ብል ምእመኑ ሁሉ እኔን ያያል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የተሰናበትሁት እኔ፣ በሙሉ ድምፅ ያሰናበትሁትም እኔ ሆንሁ።

አራተኛ፣ በምትኩ ስለ ተሰጠኝ አገልግሎት። የጉባኤያችንን የዓመት ታሪክ እንድጽፍ ወፍራም መዝገብና ሁለት እስክርቢቶ ሰጥተውኛል፤ «ያዩትን ሁሉ በታማኝነት ይመዝግቡ» ብለውም አዘዋል። ይኸው ታዝዣለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ገጽ አንድ ላይ ሰፍሯል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን ግን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። በዓመቱ መጨረሻ አንብበው እንደሚፈርሙበት አልጠራጠርም።

በዚያው መዝገብ የሚከተለው አለ። ክፍሉን የተረከበው ወጣት የሒሳብ መምህር በግድግዳው ላይ የጊዜ ሰሌዳ ለጠፈ፤ «ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ እስኪሆን ጸጥታ» ይላል። በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ሕፃናት ወጥተው እኔ ወንበር መጡ። በሁለተኛው አምስት ሆኑ። ባለፈው እሑድ ዘጠኙም መጡ፤ መምህሩም ተከትሏቸው መጣ፤ ብስኩት ቆርሼ ሰጠሁት። እርስዎ በዚያ ሰዓት ስለ መታዘዝ ያስተምሩ ነበር። ትንሿ ልጅዎ በአንድ እግር ጫማ በመካከል መተላለፊያው መጥታ፣ በመድረኩ ሥር አልፋ፣ አባቷን በዓይኗ እንኳ ሳታይ እቅፌ ውስጥ ተቀመጠች።

ክቡር ኤጲስ ቆጶስ፣ ቀልዱን ላቁምና አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዬንም ዓይኔ ሲደክም ሸጫለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤቴ ገብቶ ጉልበቴን የሚያቅፍ ሰው የለም። የሚያቅፉኝ እሑድ ዕለት፣ እጃቸው በብስኩት የጨቀየ፣ ስሜን ያጠፉትና «እማማ ብስኩት» ያሉኝ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ደግ አስበው ዕረፍት ሰጡኝ፤ ዕረፍትማ ቤቴ ሞልቶ ፈስሷል፤ ያጣሁት ድካሙን ነው። እባክዎን ድካሜን ይመልሱልኝ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለቀና ልብዎና ለቀላል እጅዎ ያለኝን የማይነቃነቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ሁልጊዜም ወንበር በማጠፍ ላይ የምገኝ፣

ታዛዥ እህትዎና የጉባኤው ታሪክ ጸሐፊ፣
እማማ ብስኩት

ማሳሰቢያ፦ አዲስ አገልጋይ ሲሾም «የሚቃወም ካለ ቀኝ እጁን ያንሣ» ብለው በየጊዜው ይጠይቃሉ፤ በእኔ ዕድሜ አንድም እጅ ተነሥቶ አያውቅም። ሕፃናቱ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ብዬ ካለፈው እሑድ ጀምሮ እጅ ማንሣት እያስተማርኋቸው ነው። ስምንቱ ቀኝና ግራቸውን ገና እየለዩ ናቸው፤ የእርስዎ ልጅ ግን እንዳትሳሳት ብላ ሁለቱንም ታነሣለች።