ከጎን የሚመጣው

ጥቅምት 6
ዛሬም አግዳሚ ወንበር ጉልበቴን መታኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ፣ "ቲቸር፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። "ደህና ነኝ፣ የሒሳብ ደብተር አውጡ" ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ወንበሩ እኮ ሁልጊዜም እዚያው ነው... እንዴት አላየሁትም?

ጥቅምት 12
ደሴ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሟ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። እይታዬ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም።
"ጨርሶ እስኪጠፋ?"
"ሊሆን ይችላል። መቼ እንደሆነ ግን ማወቅ አይቻልም።"
ስመለስ ከጋሸና ጀምሮ በመስኮቱ የገብሱን ማሳ ሳይ መጣሁ። ዓይኔን መክደን ፈራሁ።
ባለቤቴ ታፈረ "ምን አሉሽ?" ሲለኝ፣ "መነጽር" አልኩት። ለምን ዋሸሁት?

ጥቅምት 20
ሐኪሟ የጠቆመችኝ የዓይነ ስውራን ማኅበር እዚሁ ላሊበላ ነው። ሰው እንዳያየኝ ተደብቄ ገባሁ። አስተማሪዋ ሂንድ ትባላለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም። የሸክላ ጭቃ እጄ ላይ አደረገችልኝ።
"ዓይንሽን ጨፍኚና ከቤትሽ የአንድ ሰው ፊት ሥሪ።"
የልጄን የንጋትን ጀመርኩ። ግንባሯ መጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን... አፍንጫዋ የት ይጀምራል? ከንፈሯስ? ከተወለደች ጀምሮ ሳያት የኖርኩትን ልጅ እጄ አያውቃትም። ጭቃውን ጨፍልቄ ወጣሁ።
ቤት እንደገባሁ ፊቷን ዳሰስኩት። "እማዬ፣ ኮረኮርሽኝ!" ቅንድቧ ውስጥ ትንሽ ጠባሳ አለ። መቼ ነው የወደቀችው?

ኅዳር 3
ወደ ማኅበሩ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ሳያዩ የመንቀሳቀስ ልምምድ ነበር። ሂንድ ከግቢው ማዶ ከበሮ ትመታለች፤ እኛ ዓይናችንን በጨርቅ ሸፍነን ወደ ድምፁ እንሄዳለን። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ደረሱ። እኔ መሃል ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከፊቴ ገደል ያለ መሰለኝ። ሜዳ መሆኑን እያወቅሁ!
መጥታ እጄን ያዘችኝ። "እኔም እፈራለሁ እኮ።"
"አንቺ? ምን?"
"ውሻ። ወላሂ፣ ውሻ ሲጮህ ከሰማሁ ከቤት አልወጣም።"
ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

ኅዳር 9
ንጋትን ይዤ ከገበያ ስመለስ... ባጃጁን አላየሁትም። ድምፁንስ ሰምቻለሁ፤ ከየት እንደሚመጣ ነው የጠፋኝ። ልጄ ከእጄ ተመንጭቃ ወደቀች። ክርኗ ተልጦ ደማ፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ተመስገን። ሹፌሩ ወርዶ ጮኸብኝ።
"ሴትዮ፣ አታዪም እንዴ?"
"አላይም!"
ከአፌ ወጣ። ንጋት ለቅሶዋን አቁማ ቀና አለች። "እማዬ፣ እውነት ነው?"
ለታፈረ ሁሉንም ነገርኩት። "መነጽሩን እስክታደርጊው ስጠብቅ ነበር እኮ" አለኝ። ገብቶት ኖሯል። ለካ መጠየቁን ፈርቶ ነው። እሱም...

ኅዳር 15
ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ክፍል ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቢስቁብኝስ? ሥራዬን ባጣስ?
"ከዛሬ ጀምሮ እጅ ማውጣት ቀርቷል" አልኩ። "ዓይኔ ታሟል፤ ከጎን ያለ እጅ አይታየኝም። መመለስ የፈለገ ዴስኩን መታ አድርጎ ስሙን ይናገር።"
ማንም አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ ዴስክ የመታ ግን አልነበረም። ጥዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።
ከኋላ በኩል ዴስክ ተመታ።
"ኤልሳቤጥ።"
ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን መልስ ሰጥታ የማታውቅ ልጅ። ድምፅዋ ወፍራም ነው። አላውቅም ነበር።
"እሺ ኤልሳቤጥ፣ ንገሪን" አልኩ። የሚንቀጠቀጠው የእኔ ድምፅ ነበር።