ጠዋት ያለፉት፣ ከሰዓት በኋላ የወደቁት አራት ጎማዎች

ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ«ቀና ጉዞ» የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
አምቦ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ለሚደክመው ማኅተምዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሚኒባሴም እስከ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ደኅና ነበረች፤ በዚያ ሰዓት ግን ጣቢያዎ መሞቷን በጽሑፍ አረዳኝ። ሬሳዋ ሞተሯ እንደበራ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር፣ ተሳፍሬባት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ከማድረስ ይልቅ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። አንዱ ቅጂ በመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላውን የእህቴ ልጅ ዱረቲ በቴሌግራም አሠራጫለሁ ብላለች። ጣቢያዎ ያደረገልኝ ውለታ ለአንድ ሰው ብቻ ተነግሮ የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም።

ስሜ ዘቢደር ምትኩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በግንቦት 2006 ዓ.ም. በሰው አገር አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለች ሚኒባስ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «እትዬ፣ አምስት ዓመት ከሠራችልዎ ይጸልዩልኝ» ብሎኝ ነበር። እነሆ አሥር ዓመት ከስድስት ወር ሆናት፤ እኔም እየጸለይኩለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚነዳት ተሬፋ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአምቦና በጉደር መካከል ትመላለሳለች፤ ቅዳሜ ሸነን ገበያ ትሄዳለች። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ሁሉ እሷ መንገድ ላይ ነበረች። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አሳፍራ የቆመችው አራት ጊዜ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ ናፍጣ በመጥፋቱ ስለነበረ እሱን በእሷ ላይ መቁጠር ግፍ ነው።

ሰዎች ያገለገለች መኪና እንዴት ይህን ያህል ልትቆይ ቻለች ብለው ይጠይቁኛል። ምሥጢር የለውም። መዝገብ አላት። በግራው ዐምድ የታየው ጉድለት፣ በቀኙ ዐምድ የተደረገው ጥገና ይጻፋል፤ ከዚያ ቀኑና የመካኒኩ ፊርማ ይከተላል። ተሬፋ የሰማውን ድምፅ ለነገ አያሳድርም። «እትዬ፣ ዛሬ ከፊት በስተቀኝ ታጉረመርማለች» ይለኛል፤ እኔም በግራው ዐምድ «ታጉረመርማለች» ብዬ እጽፋለሁ፤ በማግሥቱ ኩሽኔታዋ ይለወጥና በቀኙ ዐምድ «ኩሽኔታ ተለወጠ፤ ዝም አለች» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ እያልን አሥር ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው ምስጋናዬ ከመብዛቱ የተነሣ እንዳይምታታብዎ ብዬ ነው።

፩ኛ። ስለ ጎማዎቹ አመሰግናለሁ።

በአካባቢያችን የታወቀ ልማድ አለ፤ ምናልባት ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ልንገርዎት። የምርመራ ቀን ሲደርስ መኪና በተውሶ ጌጥ እንደምትዳር ሙሽራ ትሰናዳለች። ጎማው ከአንዱ ጎረቤት፣ ክሪኩ ከሌላው፣ እሳት ማጥፊያው ከሦስተኛው ይመጣል። በአንድ ሳምንት ስድስት መኪና ያሳለፈ አንድ እሳት ማጥፊያ በዓይኔ አውቃለሁ፤ ውስጡ ባዶ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ሰኞ ወደ ማታ ጎረቤቴ ኦቦ ለሜሳ መጡ። የእኔን የምትመስል ሚኒባስ አላቸው፤ ጎማዎቿ ግን ከእጄ መዳፍ ይልቅ ለስላሳ ናቸው። «አዴ ዘቢደር፣ ጎማዎን ለአንድ ጠዋት ብቻ፤ ለጣቢያው ደጅ ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም» አሉኝ። በ2012 ክረምት መኪናዬን ከሸነን ጭቃ ጎትተው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንቢ ማለት በእኛ ሰፈር አይቻልም። ማክሰኞ ተሬፋ የመጀመሪያውን ጉዞ ጨርሶ እንደተመለሰ፣ ጎሚስታው ኦሊቃ አራቱንም ጎማ ፈትቶ ለኦቦ ለሜሳ መኪና ገጠመላት። እኔም ሲመለሱ ቦታ እንዳይለዋወጡብኝ በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ጠመኔ «ዘ 1»፣ «ዘ 2»፣ «ዘ 3»፣ «ዘ 4» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእኔ ጎማዎች በኦቦ ለሜሳ መኪና ሥር ሆነው ቀረቡ። የጣቢያዎ ወረቀት «ጎማ፦ በጣም ጥሩ» ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ ኦሊቃ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነዚያው ጎማዎች፣ ጠመኔያቸው ሳይለቅ፣ በገዛ መኪናዬ ሥር ሆነው ቀረቡ። ወረቀቱ «ጎማ፦ ያለቀ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ የማይበቃ» ይላል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኦሊቃ ምሳውን የበላበት ይቀነሳል። እኔ ባረጅም ጎማ ከእኔ ፈጥኖ ሊያረጅ እንደሚችል ያስተማረኝ ጣቢያዎ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች በቅጂ ተያይዘዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። እኛ በተማርንበት ዘመን የቤት ሥራ የገለበጠና ደብተሩን ያስገለበጠ በአንድ ማስመሪያ ይመቱ ነበር፤ እንዲያውም መምህራችን ለአስገለበጠው አንድ ይጨምሩለት ነበር፤ «አንተ መልሱን ታውቃለህ፤ ጥፋቱንም ታውቃለህ» እያሉ። ጎማዬን በማዋሴ ጣቢያዎን አታልያለሁና እጄን ዘርግቻለሁ፤ የሚገባኝን ይወስኑብኝ። ኦቦ ለሜሳም ይህን ደብዳቤ ሳይለጠፍ በፊት አንብቤላቸዋለሁ። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ በመጨረሻም «ስሜን ካነሡት አይቀር፣ ጥሩንባው የራሴ እንደነበር ይጻፉልኝ» አሉኝ። ጥሩንባው የራሳቸው ነበር። አሁን ጎማ እስኪገዙ ድረስ መኪናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አቁመዋል። ቦሎዋ ግን መስታወቷ ላይ አምሮባታል።

፪ኛ። መዝገቤን በትጋት ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

መርማሪዎ አቶ ነገራ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ወንበር አቀረቡልኝ፤ ስለ ጉልበቴም ጠየቁኝ። እኔም ሥራቸውን ያቀልላቸዋል ብዬ መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። ተሬፋ ከቤት ስንወጣ «እትዬ፣ እሱን ይተዉት፤ ያልጠየቁንን ምን ያናግረናል?» ብሎኝ ነበር፤ እውነት የያዘ ሰው አይደበቅም ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ተሬፋን በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ ነገራ መነጽራቸውን ጠርገው መዝገቡን ከፈቱ፤ ቅጹን ከጎኑ አደረጉ፤ መጻፍ ጀመሩ። በእጅ ሰዓቴ ሃያ ሁለት ደቂቃ ጻፉ። መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ሰው ወርዶ ከሥር የሚያይበት ጉድጓድ ከእሷ አሥር እርምጃ ላይ አፉን ከፍቷል። ማንም አልወረደበትም። ከወንበራቸው የተነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም እስክሪብቶ ለመለወጥ ነው።

ውጤቱ ሲሰጠኝ አሥራ ሰባት ጉድለት ተዘርዝሮበታል። «የፍሬን ሸራ፦ ያለቀ» ይላል፤ ያለቀው በ2009 ግንቦት ነው፤ በማግሥቱ ተለውጧል፤ ከዚያ ወዲህም ሦስት ጊዜ ተለውጧል። «ራዲያተር፦ ያፈስሳል» ይላል፤ በ2010 ያፈስስ ነበር። የጎማዎቹ «ያለቀ»ም የተቀዳው ከዚያው ከግራው ዐምድ ነው፤ ያለቁት የድሮዎቹ ናቸው፤ በቀኙ ዐምድ «አራቱም ተለወጡ» ይላል። «የፊት ቀኝ እግር፦ ታጉረመርማለች» ይላል፤ ይህ ቃል በመንግሥት ቅጽ ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «የዝናብ መጥረጊያ፦ ጊንጪ ላይ ተሰርቋል» ይላል። ሌብነት የቴክኒክ ጉድለት መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ልጄ፣ የቀኙስ ዐምድ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ቅጹ ላይ ‹ተጠግኗል› የሚል ቦታ የለም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ከልባቸው አዝነው፣ «መዝገቡን ባያመጡት ኖሮ እኮ ያልፉ ነበር» አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ስኖር ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። ይህን ግን በየትኛው ዐምድ እንደማኖረው እስካሁን እያሰብኩ ነው።

፫ኛ። ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ። የአገለባበጡ ንጽሕና የሚደነቅ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። በ2014 ዓ.ም. ድካም ይዞኝ አንድ ቦታ ላይ «ጳጉሜን 7» ብዬ ጽፌ ነበር። ጳጉሜን በክፉ ዓመት ቢሆን እንኳ ከስድስት ቀን አልፋ እንደማታውቅ የታወቀ ነው። በጣቢያዎ ወረቀት ላይ ግን የኋላ መብራቴ «ጳጉሜን 7 ቀን» እንደተቃጠለ በክብ ማኅተም ጸንቷል። ስህተቱን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ ሕጋዊ ያደረጉልኝ እናንተ ናችሁ።

፬ኛ። ስለ ውሳኔው ግን ምስጋናዬ ትንሽ ይሰናከላል።

ሚኒባሴ ከሰኞ ኅዳር 16 ቀን ጀምሮ ከመስመር እንድትወጣ ታዟል። ቅሬታ ካለኝ በሦስት ወር ውስጥ እንደሚታይ ከሥሩ ተጽፏል። እኔ ጡረታ አለኝ፤ ሦስት ወር ሹራብ እየሠራሁ መጠበቅ እችላለሁ። ተሬፋ ግን የሚያውቀው ሥራ ይህ ነው፤ አራት ልጆች አሉት፤ ሦስተኛዋ ጣቢታ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። በአሥር ዓመት ከስድስት ወር ውስጥ ከሥራ የቀረው ሁለት ቀን ነው፤ አንዱ የእህቱ ሠርግ፣ ሁለተኛው የአባቱ ቀብር ነበር። ረቡዕ ዕለት የውሳኔውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ወጥቶ መኪናዋን አጠባት። የምትቆም መኪና ምን ታደርጋለህ ብዬ ከመስኮት ስጣራ «የቆመችም ትታጠብ፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ውለታ አልጠየቅኩም፤ ማለፊያም አልጠየቅኩም። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንደምትሠሩ በደጃችሁ ተጽፏል። ነገ የሸነንን ገበያ ትተን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እንገኛለን። መዝገቤን ተቀብላችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። መኪናዋን በጉድጓዱ ላይ አቁሟት፤ ሰው ይውረድ፤ ፍሬኗን ይያዝ፤ ብሎኗን ያንኳኳ፤ ጎማዋን በእጁ ይዳስስ። የቱታ ነገር እንዳያሳስባችሁ፣ ንጹሕ ቱታ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ። በእውነት ጉድለት ከተገኘባት በዚያው ቀን ለቁራሌ እሸጣታለሁ፤ ተሬፋንም ሌላ መኪና እፈልግለታለሁ። ጉድለት ካልተገኘባት ግን ቦሎዋን ይስጡን፤ ሰኞ ጠዋት ተሬፋ ሥራው ላይ ይገኝ። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው የለኝም።

ማየት ለመርማሪ ውርደት እንዳልሆነ ጽኑ እምነት ያለኝ፣ ለጣቢያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቅጽዎ አንድ ተጨማሪ ዐምድን፣ ለጉድጓድዎ አንድ ጎብኚን ከልብ የምመኝ፣ ታዛዥዎና የዘወትር አመስጋኝዎ፣

ዘቢደር ምትኩ
(የማይነበብ ፊርማ ስለማልወድ ሙሉ ስሜን ጽፌያለሁ)

ማስታወሻ፦ ለካ አንድ ነገር ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ። የጣቢያዎ የሠራተኞች መኪና መለዋወጫ ስትጠብቅ ግቢዎ ውስጥ ሣር ከበቀለባት ከሐምሌ ወር ወዲህ፣ አቶ ነገራና ሁለት የሥራ ጓደኞቻቸው ከጉደር በየጠዋቱ የሚመጡት፣ በየማታውም የሚመለሱት በእኔው ሚኒባስ ነው። ማክሰኞ ማታም የሞት ወረቀቷን ከፈረሙ በኋላ በእሷው ተሳፍረዋል፤ ተሬፋ እንደነገረኝ አቶ ነገራ እስከ ጉደር ድረስ አንገታቸውን ደገፍ አድርገው በሰላም ተኝተዋል። ሕግ አክባሪ ነኝና፣ ነገ መኪናዬ ካልታየች፣ ከሰኞ ጀምሮ በማኅተምዎ በተኮነነች መኪና ላይ አንድም ሰው አላሳፍርም። ሦስቱ ቢያረፍዱ እባክዎ ቀሪ ብለው አይጻፉባቸው። መንገዱ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃልና፣ ጫማቸውን ከወዲሁ ቢያስመረምሩ መልካም ነው።