አምስት ዕዳና አንድ በግ

ውድ እናቴ፣

ስምዎን አልጽፍም። በሕይወት እያሉ አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ዛሬ ስለሌሉ ልድፈርዎ አልልም። የታላቁን ልጅዎንም ስም እንዲሁ አልጠራም። የዱይሾንን ግን መጥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ባል ሦስቴ "አንተ" ተብሎ ካልሰማ ምን ይደረጋል? ለዚህ ይቅር ይበሉኝ። ትልቁ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ግን ሌላ ነው፤ ወደ እሱም እመጣለሁ።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው ባይሰሙት ይሻላል። ዛሬ ቤትዎን ለባንክ አስይዘን መጣን። ባለ ዕዳ መሆናችንን መቼም ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ጎረቤታችን አይምካን ባለፈው ወር አርፋለች፣ እሷ ደግሞ እንኳን እዚያ ማዶ የትም ብትሄድ ወሬ ሳታደርስ አታድርም። የዛሬውን ግን እሷም አታውቀውም።

ያን ቀን ያስታውሳሉ? ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ቀርቶዎት ነበር። በመስኮቱ ሥር፣ ሱፍ ያባዝቱበት በነበረው ቦታ ተቀምጠው እግርዎን በሙቅ ውኃ ሳጥብልዎ ድንገት ጭንቅላቴን በጣትዎ ቆረቆሩኝ።

"ስሚ አንቺ ልጅ፣" አሉኝ። "ሙት ዓመቴ ሲደርስ ፈረስ የሚባል እንዳታርዱ። አንድ በግ ይበቃኛል። ቁርዓን ይነበብልኝ፣ ከሊጥ ትንሽ ቦርሶክ ጥበሺ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሂድ። ባሌ በገዛ እጁ ጭቃ ረግጦ የሠራውን ቤት በእኔ ድግስ እንዳታፈርሱት።"

እኔም እሺ አልኩ። እግርዎን አደረቅሁና ካልሲዎን አጠለቅኩልዎ። ያቺን እሺ እስከ ዛሬ ተሸክሜያት ዞርኩ።

ዓመቱ ሲቃረብ ዘመድ ሁሉ እዚሁ ቤት ተሰበሰበ። ታላቁ ልጅዎ ከላይ ተቀምጦ፣ ሰውን አንድ በአንድ እያየ፣ "መቼም ለእናታችን ፈረስ እናርዳለን፣ አይደል?" አለ። ማንም አልተነፈሰም። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ቃልዎ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ያስቡት እስቲ፤ ቤቱን የወረሰው ትንሹ ልጅዎ ዱይሾን፣ ምራትዎ ደግሞ እኔ። "አንድ በግ ይበቃል ብለውኛል" ብል ማን ያምነኛል? ለአማቷ ፈረስ የነፈገች ተብዬ በሦስት ቀበሌ ስሜ ሊነሳ ነው። ዱይሾንን አየሁት፤ ፊንጃሉን ያገላብጣል። ዝም አልኩ። እናቴ፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ከዚያማ የሆነው ሆነ። ለምትታረደው ባዝራ መግዣ ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ተበደርን። ዱቄቱ፣ ስኳሩና ዘይቱ ከቱርሱናይ ሱቅ በዱቤ መጣ። ድግሱ አማረ ተባለ፤ እንግዳው ሁሉ እንደ አገሩ ወግ ገንዘብ ይዞ መጣ፣ እያንዳንዱም በደብተር ተመዘገበ። እኛ ሞኞቹ ያንን ገንዘብ ያገኘነው መስሎን ጣሪያውን አሳደስንበት። ለካስ የደብተሩ ሰው በሙሉ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል። አንዱ ልጁን ዳረ፣ አንዱ ልጁን ገረዘ፣ አንዱ አባቱን ቀበረ፤ እኛም ያመጡልንን ያህል፣ አንዳንዴም ጨምረን፣ ልንመልስ ነው። የመጀመሪያውን አበዳሪ ለመክፈል ወደ ሁለተኛው ሄድን። ዱይሾን በመኪና ወተት እየሰበሰበ የሚያገኘው ደመወዝ ኪሱ ሳይገባ ያልቃል። እኔ በሱቁ በር ማለፍ አፍሬ በወንዙ በኩል መዞር ጀመርኩ። ቱርሱናይ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

በዚህ መሀል ዱይሾን ዕዳን ሁሉ ጠቅልሎ ዘግቶ አንድ ብድር ብቻ የሚያስቀር ባንክ ናሪን ከተማ ውስጥ አለ ብሎ መጣ። "ዕዳን በዕዳ?" ብዬ ሳቅሁበት። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ መያዣው ቤቱ ነዋ።

ባንኩ ውስጥ ያነጋገረችን አይዛት የምትባል ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከልጄ ከኑርዛዳ ብዙም አይበልጥም። ደግ ናት፣ ግን ዓይኗ ሰው ላይ ይተከላል። ወለዱ ካሁኑ እንደሚያንስ፣ ወርሃዊ ክፍያው በግማሽ ገደማ እንደሚወርድ፣ ሦስት ዓመት ግን እንደምንከፍል ሳትደብቅ ነገረችን። ሁለቱን አበዳሪዎችና ሱቁን ጻፈች። ከዚያ "ሌላ ዕዳ አለ?" ስትል ዱይሾን "የለም" አለ። እኔም "የለም" አልኩ። ሁለታችንም ወለሉን እያየን ነበር።

እሷም ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህ ብድር የድሮውን ዕዳ ይዘጋል፣ አዲሱን ግን አይከለክልም፤ ከፈረማችሁ በኋላ ሌላ ከጨመራችሁበት ቤቱ አይተርፍም። ሂዱና ተነጋገሩ፣ ሳምንት ኑ" ብላ አሰናበተችን።

በሚኒባሱ ስንመለስ ግማሽ መንገድ አልፈን ነበር። መጀመሪያ እኔ ተነፈስኩ፤ ከሴቶች እቁብ ቀድሜ አውጥቼ ሃያ ስምንት ሺህ ሶም እንደሚቀርብኝ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በስልክ የሚበደሩት ነገር አለ አይደል፣ ሃያ አምስት ሺህ። ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ነው። አንዱ ከአንዱ የደበቀው ሲገናኝ እኩያ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሳቅን፤ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን።

ግን ገና ያላነሳነው አንድ ነገር ነበር፤ ደብተሩ። አይዛት የማታውቀው፣ ባንክም የማይዘጋው ዕዳ እሱ ነው። ያንን ካላቆምን መፈረሙ ቤቱን አውጥቶ መስጠት ነው። ለማቆም ደግሞ አንድ ሰው አፉን መክፈት አለበት።

በሦስተኛው ቀን ታላቁ ልጅዎ መጣ። መኸር ላይ ልጁን ሊድር ነው። ሻይ ጠጣ፣ ስለ ድርቆሽ አወራ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከእኛ ቤት አንድ ፈረስ እንደሚጠብቅ ተናገረ። የዱይሾን ፊት ቀላ። እኔ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ፈረስ አንሰጥም፣" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ላለፈውም ጥፋቱ የእኔ ነው። እናታችን 'ፈረስ አትረዱ፣ አንድ በግ ይበቃኛል' ብለውኝ ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ያዞረው ጀመር። ስድቡን ጠበቅሁ።

"መቼ ነው የነገረችሽ?" አለኝ።

"ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው። እግራቸውን ሳጥባቸው።"

"ለእኔ ከዚያ በፊት ነው። ከሐኪም ስመልሳት፣ መኪና ውስጥ።" ቆቡን ማዞሩን አቆመ። "እኔ ታላቅ ነኝ። አንድ በግ ይበቃል ብል ወንድሜ ምን ይለኛል? ለእናቱ ሰሰተ አይለኝም? ለዚህ ነው ያን ቀን የጠየቅኳችሁ። አንድ ሰው አይሆንም እንዲል ስጠብቅ ነበር።"

ሁለታችንም ወደ ዱይሾን ዞርን።

"እኔን አትዩኝ፣" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ለእኔም ነግራኛለች።"

እንግዲህ ይህ ነው የሆነው። ሦስት ሰው አንድ ቃል ይዞ፣ ሦስቱም አንዱ ሌላውን ፈርቶ፣ አንዲት ባዝራ ታረደች። እናቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን። ግን እውነቱን ልናገር? እርስዎም ትንሽ አለብዎት። አንድ ላይ ቢያስቀምጡንና አንዴ ቢነግሩን ምን ነበረበት? በየተራ በጆሮ! ልጆችዎን አያውቋቸውም እንዴ?

ያን ዕለት ታላቁ ልጅዎ እስኪመሽ ተቀምጦ እሱም ያለበትን ነገረን፤ የእኛን ዕዳ የሚያስንቅ ነው። ለሠርጉ ፈረሱ ቀረና የሱፍ ምንጣፍ ልሠራለት ተስማማን። ቀዩን ጥለት፣ እርስዎ ያስተማሩኝን የበግ ቀንድ ነው የምሠራው። በደብተሩ ላሉትም እንደዚሁ፤ በእጃችን ያለውን ይዘን እንሄዳለን፣ ተበድረን ግን አንሄድም። ወሬ እንደሚኖር አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ከብዶኝ ከቤት ላልወጣ እችላለሁ፤ ከዚያ ግን እወጣለሁ።

ዛሬ ሦስታችንም ናሪን ሄድን፤ ታላቁ ልጅዎ ዋስ ሆኖ ፈረመልን። አይዛት ዝርዝሩን አየችና "ባለፈው ሳምንት ሦስት ነበሩ፣ አሁን አምስት ሆኑ?" አለች።

"ወለዱ፣" አላት ዱይሾን።

መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ዱይሾን ስልኩ ውስጥ ያለውን ማበደሪያ እዚያው ፊቷ አጠፋው። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ሶም፣ በወር ዘጠኝ ሺህ፣ ለሦስት ዓመት። ስፈርም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ስንመለስ ግን በወንዙ በኩል አልዞርኩም። በሱቁ በር ገብቼ የቱርሱናይን ገንዘብ ጠረጴዛዋ ላይ ቆጠርኩላት። እሷም ስሜን ሰርዛ አንድ ፓኬት ሻይ መረቀችልኝ። ልከፍልበት ነው ብዬ እንዳላስብ ደጋግማ "በነጻ ነው" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ከሙት ዓመትዎ ደብተር ጋር አድርጌ በሣጥንዎ ውስጥ፣ ከነጩ ሻርፕዎ ሥር አኖረዋለሁ። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈልን ዕለት እናወጣዋለን። ያን ዕለት በራሳችን ገንዘብ የተገዛ አንድ በግ ይታረዳል፣ ቁርዓን ይነበባል፣ ቦርሶክ እጠብሳለሁ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዘግይቷል፤ ግን እሺ ብዬዎት ነበር።

በቤትዎ ያለችው ምራትዎ፣
ኬንጄጉል